የግራር ሜዳው ጣቢያ ሹም፤ የአቶ ወልደኢየሱስ ህሩይ የሕይወት ታሪክ (1938 – 2017 ዓ.ም.)

አቶ ወልደኢየሱስ ህሩይ ከአባታቸው ከመሪጌታ ህሩይ ገብረ ኪዳንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋረጋ አድማሱ፣ ጥር 18 ቀን 1938 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ፣ ዛሬ ልንሰናበታቸው በቆምንበት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም አጥቢያ ተወለዱ። አባታችን በዚሁ ደብር የአቋቋም መምህር ነበሩ። እናታችን ደግሞ ከአዘዞ ወደ አይከል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የግራር ሜዳ ሰው ናቸው። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው የዓለምወርቅ ነኝ። ወንድሜን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ "አያ" እያልሁ ስለኖርሁ "አቶ ወልደኢየሱስ" ማለቱ የሰው ወንድም የምጠራ ያስመስለኛል። ሆኖም ወግ ነውና እንደ ወጉ እሄዳለሁ፤ ባመለጠኝ ቦታ አድማጮች ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ዓመት ጤናቸው መታወክ ሲጀምር አስጠርተው አንድ ነገር አዘዙኝ። "የዓለም፣ ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። እኔን እንዲያ እንዳታደርጊኝ። ፍቅርተማርያምን ያስቀረሁበትን ቀን ጻፊው" አሉኝ፤ ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ በቀብር ላይ አይነበብም ብዬ ተሟገትሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ክርክር አላጣም። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በቤታችን አያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ካዞሩ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ ቦታው ሲደርስ እጽፈዋለሁ።

አቶ ወልደኢየሱስ በአባታችን እግር ሥር ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ጾመ ድጓ ጀምረው ነበር። ድምፃቸው ግን ሸጋ አልነበረም። አባታችን ይህን ከማንም በፊት ያወቁት ይመስለኛል፤ ከማኅሌቱ ይልቅ ወደ ደወሉ አስጠጓቸው። ቁስቋም ዳገት ላይ ናት። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ከታች ተነሥተው በምርኩዛቸው እየተደገፉ እስኪደርሱ ጊዜ ይወስዳል። ደወሉ ተደውሎ ሰው ሲያንስ ሌሎች ካህናት ይቆጡ ነበር። አባታችን ግን አይቆጡም። "ያልመጣ ሰው የለም፤ የራቀ ነው ያለ። ድገመው" ይሉ ነበር። አያም ይደግሙታል። የመጨረሻዋ ባልቴት ቅጥሩን እስክትሳለም ድረስ ሲደውሉ ክንዳቸው ይዝል ነበር።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በጎንደር ከተማ እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለው፣ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በ1958 ዓ.ም. በምድር ባቡር ተቀጠሩ። ወሬው ጎንደር ሲደርስ አባታችን "ድጓውን ትቶ ብረት ሊያዘምር ሄደ" አሉ። የሳቁ መስሎን አብረን ሳቅን፤ እናታችን ግን አልሳቁም፤ ቀና ብለው አዩዋቸው። ያን ዘመን ጎንደር ውስጥ ባቡር ያየ ሰው ጥቂት ነበር። እኔም ወንድሜ ምን እንደሚሠሩ ለጓደኞቼ ሳስረዳ በረጅም መንገድ ላይ የሚሄድ ቤት ይጠብቃሉ እል ነበር።

ሥልጠናቸውን ድሬዳዋ ጨርሰው በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ባለች አንዲት የገጠር ጣቢያ ረዳት ሹም ሆነው ተመደቡ። የጣቢያዋን ስም በደብዳቤ ፖስታ ላይ በጻፍን ቁጥር እንሳሳት ስለነበር እዚህ አልሞክረውም። እኔ በ1972 ዓ.ም. ሄጄ አይቻታለሁ። ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት፣ በእግሩ የቆመ የውኃ ጋን፣ እጀታው የሚዞር ስልክ፣ የግንብ አግዳሚና በሰንሰለት የተንጠለጠለ ደወል ናት። በዙሪያዋ ለዓይን የሚበቃ ነገር የለም፤ ቁጥቋጦና ሙቀት ብቻ። ነገር ግን የአካባቢው ሰው ሁሉ ኑሮው በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። ሴቶች ወተታቸውን ይዘው በጠዋቱ ባቡር ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ በማታው ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘው ይመለሳሉ። ግመል ነጂው ከጋኑ ውኃ ይቀዳል። የታመመ በቃሬዛ መጥቶ ፉርጎ ላይ ይጫናል። ደብዳቤ ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤውን ይዞ ወደ ጣቢያው ሹም ይመጣል፤ አያም አንብበው መልሱን ይጽፉለታል። የአገሩንም ቋንቋ ቶሎ ለመዱ፤ ኦሮምኛውን በጎንደር ዜማ ይናገሩት ስለነበር ሰው ሲሰማቸው ፈገግ ይል ነበር።

አሁን ያዘዙኝ ቦታ ላይ ደርሻለሁ።

በ1962 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ዋናው ሹም ታመው ሄዱና አያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያዋን ብቻቸውን ያዙ። በጣቢያ ደንብ የመጀመሪያው ደወል ባቡሩ ከወዲያኛው ጣቢያ መነሣቱን ያስታውቃል። ሁለተኛው መድረሱን ይናገራል። ሦስተኛው ደወል ግን ለተሳፋሪ አይደለም፤ ለነጂው ነው፤ መስመሩ ክፍት ነው፣ ሂድ ማለት ነው። የዚያን ቀን ሙቀቱ ስለበረታ ተሳፋሪው ወርዶ በየቁጥቋጦው ጥላና በውኃው ጋን ዙሪያ ተበትኖ ነበር። የመነሻው ሰዓት ደረሰ፣ ስልኩ ጮኸ፣ መስመሩ ተፈቀደ። አያ ሰዉን ሲያዩ ሩቅ ነው። ደነገጡ። ደንቡን አያውቁም አልልም፤ ያውቁታል። ግን ሰው ሲደነግጥ እጁ ወደ ልጅነቱ ይሄዳል። በቁስቋም ሰው ሲርቅ እንደሚያደርጉት ሮጠው ደወሉን ያዙና ሰዉን ሊጠሩ ደወሉ።

ነጂው የሰማው "ሂድ" የሚለውን ነው፤ ሄደ። አብዛኛው ተሳፋሪ ሮጦ ተንጠለጠለ። አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። አብረዋት ተሳፍረው ለነበሩ አንዲት ደካማ አሮጊት ውኃ ልትቀዳ ጋኑ ዘንድ ወርዳ ነበር። መቅጃው በእጇ እንዳለ ፉርጎዎቹ በፊቷ አለፉ። ይህች ሴት ፍቅርተማርያም ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ወደ ድሬዳዋ የሚሄዱት እናታቸው በጠና ታመው "ልጄን ጥሩልኝ" ስላሉ ነው። ሌላ የሰው ባቡር በዚያን ቀን አልነበረም። አያ ሲማጸኑ ውለው በመጨረሻ በዕቃ ባቡር አሳፈሯቸው። ፍቅርተማርያም ድሬዳዋ ሲደርሱ እናታቸው ከቀትር በኋላ አርፈው ነበር። እስከ መጨረሻው በሩን እያዩ ስማቸውን ይጠሩ እንደነበር ጎረቤቶች ነገሯቸው።

አቶ ወልደኢየሱስ የመሥሪያ ቤቱን ቅጣት ተቀበሉ። ያ አላሳረፋቸውም። የሟቿ አርባ በወጣበት ቀን እንደ አገራችን ልማድ ድንጋይ ተሸክመው፣ በማያውቁት ከተማ፣ በማያውቁት ሰው ደጅ ላይ ተንበረከኩ። ለቀስተኛው በግርምት አያቸው። ፍቅርተማርያም ወጥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ካንገታቸው አወረዱት። "ይኸን አውርጄልሃለሁ። እናቴ ስትጠራኝ አለመስማቴን ግን ማንም አያወርድልኝም" አሉ። አያ ይህን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደሰሙት አድርገው ይደግሙት ነበር። ሲደግሙትም "አውርጄልሃለሁ" የሚለውን ዝቅ አድርገው፣ ሌላውን ጮክ አድርገው ነው።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተፈቃቀዱ ለእኛ የነገረን የለም፤ ብንጠይቅም ሁለቱም ይስቁ ነበር። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። የማውቀው፣ ሽማግሌ ሲላክ ፍቅርተማርያም ጥሎሽ ሳይሆን ቃል እንደጠየቁ ነው። "ሰው እያየ ላያስቀር ይማልልኝ" አሉ። አያ ማሉ። ጥር 1964 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በ1968 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ አባታችን ከጎንደር "ዝማሬ በሏት" ብለው ላኩ። ብረት ሊያዘምር ሄደ ብለው ያዘኑት አባት በልጅ ልጃቸው ስም ታረቁ።

አቶ ወልደኢየሱስ በዚያችው ጣቢያ ዋና ሹም ሆነው እስከ ጡረታቸው ሠርተዋል። ወደ ትልልቅ ጣቢያዎች እንዲዛወሩ ሁለት ጊዜ ቢጠየቁም እምቢ አሉ። ከማሉ ወዲህ ሦስተኛውን ደወል ከመምታታቸው በፊት ከክፍላቸው ወጥተው፣ ጋኑን ዞረው፣ ቁጥቋጦውን ሁሉ አይተው ይመለሱ ነበር። በዚህ ምክንያት ባቡሩ የሚዘገይበት ጊዜ ነበር፤ ወቀሳም ደርሶባቸዋል። ፍቅርተማርያም ከቤታቸው መስኮት ሆነው ሲያዩዋቸው አያ የቀረ ሰው የለም ለማለት እጃቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩዋቸዋል። እኔ በሄድሁበት ጊዜ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወንድሜ ሰው ሆኖ የተሠራው እዚያ ነው ብዬ አስቤያለሁ።

በ1998 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ብዙም ሳይቆይ በአሮጌው መስመር ላይ ባቡር መሄዱን ተወ። በ1999 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በእናታችን ርስት በግራር ሜዳ ቤት ሠሩ። እኔ ከተማው ይሻላል፣ ቁስቋም አጠገቤ ሁኑ ብዬ ለምኜ ነበር። ፍቅርተማርያም ግን የቆላ ሰው ሆነው ሳለ ደጋውን ወደዱት፤ ጋቢ ደርበው ደጅ መቀመጥ በጣም ያስደስታቸው ነበር።

ግራር ሜዳን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ሰዉ የሚኖረው ከላይ ከአምባው ነው፤ መንገዱ የሚያልፈው ከታች ነው። በመካከል ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛና ድንጋያማ ነው። ከጎንደርም ከአይከልም የሚመጣው መኪና ሰው ካላየ አይቆምም። ካየም ቶሎ ይነሣል። በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት አያና ፍቅርተማርያም ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ አንዲት እናት የታመመ ሕፃን አዝላ ቁልቁለቱን ስትሮጥ፣ ሚኒባሱም ሳይጠብቃት ሲነሣ አዩ። ሴትዮዋ መንገዱ መሐል ቆማ ቀረች። ፍቅርተማርያም "ወልዴ፣ ያቺ እኔ ነኝ" አሉ።

በማግሥቱ አያ ድንጋይ መሰብሰብ ጀመሩ።

በመንገዱ ዳር፣ በራሳቸው መሬት ላይ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ሆነው በ2001 ዓ.ም. መጠለያውን ሠርተው ጨረሱ። የቆርቆሮ ጣራ፣ በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ በሦስት በኩል የድንጋይ አግዳሚ አለው። በግንባሩ ላይ በእጃቸው "ግራር ሜዳ ጣቢያ" ብለው ጻፉ። የቀረው ደወል ነበር። ከመጠለያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ሃጂራ ሷሊሕ ናቸው፤ በጎንደር ከተማ የታወቁ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ ላምባ ይሸጣሉ። ባለቤታቸው ከጭነት መኪናቸው አውልቀው የጣሉት አሮጌ የጎማ ቸርኬ ነበር፤ እሱን አውጥተው ሰጧቸው። አያ ቸርኬውን በሽቦ አንጠልጥለው በብረት ሲመቱት ድምፁ እስከ አምባው ወጣ። ወይዘሮ ሃጂራም ከሱቃቸው በር ብቅ ብለው "ደወሉስ ሸጋ ነው አያ፤ ሐዲዱን ደግሞ ከየት ልናመጣ ነው?" አሉ። ይህ ቀልድ ለአሥራ አምስት ዓመት አላለቀም። በየጠዋቱ "ምነው አያ፣ ባቡርዎ ዛሬም አረፈደ?" ይሏቸው ነበር። አያም የሐዲድ ጥገና ላይ ነው ብለው ይመልሱላቸዋል።

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። ከአዘዞና ከአይከል ሻይ ቤት ካላቸው ሰዎች ጋር ተስማምተው፣ መኪና ሲነሣ በስልክ ይነገራቸዋል። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ደወል ይመታሉ፤ በአምባው ላይ ያለ መንገደኛ ስንቁን ይዞ መውረድ ይጀምራል። መኪናው ኩርባው ላይ ሲታይ ሁለተኛው ይመታል። ገና ቁልቁለቱ ላይ ያለ ሰው ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ሰው አለ!" ብሎ ይጮኻል። ይህ ጩኸት እየተሰማ አያ ሦስተኛውን ደወል አይመቱም። ሹፌሩም ሦስተኛው ደወል ሳይመታ አይነሣም።

ሹፌሮቹ ይህን ደንብ በአንድ ቀን የተቀበሉት አይምሰላችሁ። መጀመሪያ "ሽማግሌው አእምሯቸው ነክቷቸዋል" አሉ። አሮጌ የምድር ባቡር ቆባቸውን አድርገው መንገድ ዳር ሲቆሙ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ሹፌሮቹም ለመዱ። ግራር ሜዳ ላይ የሚጠብቅ መኪና እንደሚሞላ አዩ። ኋላ ላይ ረዳቶቹ ራሳቸው "ባቡር ጣቢያ ወራጅ አለ?" እያሉ ይጠይቁ ጀመር። የአገሩም ስም ሆኖ ቀረ። አንድ ጊዜ በአካባቢው ትምህርት ቤት መምህሩ በአገራችን ባቡር የት የት እንደሚገኝ ቢጠይቁ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ግራር ሜዳ አሏቸው። መምህሩ አያን ሊወቅሱ መጥተው፣ ዝናብ ይዟቸው መጠለያው ውስጥ ተቀምጠው፣ አያ መኪና አስቁመውላቸው ሄዱ።

ጣቢያዋ መንገደኛ ከማሳፈር ሌላ ብዙ አገልግሎት ትሰጥ ነበር። ከአግዳሚው ሥር ሁልጊዜ ቃሬዛ ነበረ። በጥግ በኩል ውኃ የተሞላ እንስራ ከነክዳኑ ይቀመጣል፤ እሱን የሚሞሉት ፍቅርተማርያም ነበሩ፤ ለሌላ ሰው አይሰጡም። ምክንያቱን የምናውቅ እናውቀዋለን። ከከተማ የተላከ መድኃኒት እዚያ ይደርሳል፤ ወደ ከተማ የሚላክ ማርና ቅቤ እዚያ ይቀመጣል። ምጥ የያዛት ሴት ከአምባው ስትወርድ መኪናው ቀድሞ ተይዞ ይጠብቃታል። ቅዳሜ ገበያ የሚሄደውም፣ ለፈተና የሚሄደው ተማሪም፣ ወደ ቀበሌ የሚሄደው ባለጉዳይም በዚያ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር። በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ መንገድ ላይ ለተገኘ ጾመኛ ወይዘሮ ሃጂራ ተምርና ሾርባ የሚያቀርቡት እዚያው ነው። በዐቢይ ጾም ለእኛ ሽሮ የሚያወጡትም እሳቸው ናቸው።

በቁልቁለቱ ላይ ሁልጊዜ የመጨረሻ የሚሆኑት አያ ደመቀ ናቸው። እግራቸውን ያማቸዋል፤ ዛሬም ሊሸኟቸው ከግራር ሜዳ ተነሥተዋል። በ2009 ዓ.ም. ፍቅርተማርያም ሕመም ጠንቶባቸው ወደ ጎንደር ሊወሰዱ መኪና ውስጥ በተኙ ጊዜ፣ ከቁልቁለቱ "ሰው አለ!" የሚል ድምፅ መጣ። አያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያከበሩትን ነገር ያን ቀን ሊሽሩት ብረቱን አነሡ። ፍቅርተማርያም ከፍራሹ ላይ ቀና ብለው "ወልዴ፣ ደመቀ ቀርቷል። አትደውል" አሉ። ጠበቁ። አያ ደመቀ ደርሰው ተሳፈሩ፤ ከጎንደርም እስኪደርሱ የፍቅርተማርያምን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘው ሄዱ። ከሰባት ቀን በኋላ ፍቅርተማርያም አረፉ። ከዚያ ወዲህ እንስራውን አያ ራሳቸው ይሞሉ ነበር።

ያለፉት ዓመታት ለማናችንም ቀላል አልነበሩም። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። መኪና በማይመጣባቸው ቀኖች አያ ቆባቸውን አድርገው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ምን ይጠብቃሉ ስላቸው "መስመሩ ሲዘጋም ጣቢያ ውስጥ ሰው ይኖራል" ይሉኝ ነበር። በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ ልባቸው ደከመ፣ እግራቸው አበጠ። ወደ ጎንደር ላምጣቸው ብዬ ስሄድ የሚረከብ ሳይኖር ጣቢያ ጥሎ መሄድ በደንቡ የለም አሉኝ። በምድር ባቡር የፈረቃ ሹም ሥራውን የሚለቀው ተረካቢው አጠገቡ ቆሞ ቃል ሲሰጥ ነው። ሰው ፈለግን። ወጣቶቹ ፈቃደኛ ነበሩ፤ አያ ግን አንዱን ችኩል፣ አንዱን ዘንጊ ብለው መለሷቸው።

በመጨረሻ የተገኙት ከሱቃቸው በር ላይ ሲቀልዱ የኖሩት ወይዘሮ ሃጂራ ናቸው። ኅዳር መባቻ ላይ ሱቃቸውን ቆልፈው መጡና አልጋው አጠገብ ቆሙ። አያ "ቁልቁለቱን ሳታይ አትደውይም?" አሏቸው። "አልደውልም።" "የሚከፍልሽ የለም።" "ለአንቱስ ማን ከፈለ?" አያ ቆባቸውን ሰጧቸው። ወይዘሮ ሃጂራ በሻሻቸው ላይ ደርበው "ተረክቤያለሁ አያ" አሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ያልሳቀም ያላለቀሰም አልነበረም።

የቀረው ጭንቀት ልጃቸው ዝማሬ ነበረች። ዝማሬ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ከአይከል ማዶ በገንዳ ውኃ ነው። የአባቷ ሕመም ሲብስ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ተቋርጦ ነበር። በሰው በሰው መልእክት ላክን፤ ይድረስ አይድረስ አላወቅንም። አያ ስለ ሞታቸው አልተጨነቁም፤ ንስሐቸውን ገብተው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ነበር። የተጨነቁት ለእሷ ነው። የእናቷ ዕጣ እንዳይደርስባት ፈሩ፤ አባቷ እየጠሯት በሩቅ እንዳትቀር። ማክሰኞ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይናቸውን ገልጠው "ሃጂራ፣ ሰው ቀርቷል?" አሉ። ወይዘሮ ሃጂራ መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። "ዝማሬ ቀርታለች አያ" አሏቸው። "እንግዲያስ አትደውይ" አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም፤ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በሰላም አረፉ።

ትናንት ረቡዕ ጠዋት መንገዱ መከፈቱ ተሰማ። አስከሬናቸውን ወደ ቁስቋም የሚያመጣ መኪና ተገኘ። ሹፌሩ ከቀትር በኋላ ሊዘጋ ይችላል እያለ ያጣድፈን ነበር፤ እውነቱን ነው። ሽማግሌዎቹም ዝማሬ ጎንደር ትደርስብን የለም ወይ አሉ። ሳጥኑ መኪናው ላይ ወጣ። ወይዘሮ ሃጂራ ቆቡን አድርገው ቸርኬው ሥር ቆመዋል። የመጀመሪያውን መቱ፣ ሁለተኛውን መቱ። ሦስተኛውን ግን አልመቱም። አንዱ ሽማግሌ "ምነው ሃጂራ፣ አስከሬን እንዲህ ይቆማል እንዴ?" ቢሏቸው፣ "እኔ አላቆምሁም፤ እርሳቸው ናቸው የሚጠብቁት። ያዘዙኝን ነው የምሠራ" አሉ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እሱም ያደገው በዚያ ደወል ነው።

ጠበቅን። ለቀስተኛው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አንዳንዱ ከእንስራው ውኃ ጠጣ። ፀሐይዋ ከአናታችን ዘንበል ስትል፣ ከቁልቁለቱ ሳይሆን ከአይከል በኩል ካለው ኩርባ፣ የደከመ የሴት ድምፅ "ሰው አለ!" አለ። ዝማሬ ናት። ከአይከል ወዲህ መኪና አጥታ በእግሯ መጥታ ነበር፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ መንገድ ሰጣት። ሳጥኑ ተከፈተላት። አባቷን ግንባራቸውን ሳመች፣ ፊታቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ የምትለውንም በጆሯቸው አለች። ምን እንዳለች አልሰማንም፤ ልንሰማም አይገባንም። ስትጨርስ ወይዘሮ ሃጂራ ብረቱን ዘረጉላት። ዝማሬ ግን "እትዬ ሃጂራ፣ ሹሟ እርስዎ ነዎት" አለቻቸው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሃጂራ ቁልቁለቱን አዩ፤ ወደ ጎንደርም ወደ አይከልም አዩ። ሦስተኛውን ደወል መቱ። ከግራር ሜዳ ስንነሣ በኋላችን የቀረ ሰው አልነበረም።

አቶ ወልደኢየሱስ ህሩይ የአንዲት ሴት ልጅ አባትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው ዝማሬ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸው የዓለምወርቅ፣ የግራር ሜዳ ሕዝብ፣ የአዘዞና የአይከል መስመር ሹፌሮችና ረዳቶች፣ እንዲሁም ጣቢያውን የተረከቡት ወይዘሮ ሃጂራ ሷሊሕ ከነቤተሰባቸው ሐዘንተኞች ናቸው። ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ያጽናናችሁንን፣ መንገዱን ደፍራችሁ ያጀባችሁንን ሁሉ እግዚአብሔር በመንገዳችሁ ሁሉ ይጠብቅልን።

ቸሩ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ቀድመዋቸው ከደረሱት ከአባታችን፣ ከእናታችንና ከፍቅርተማርያም ጋር በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያስቀምጥልን። አባታችን መሪጌታ ህሩይ በዚህ ደብር ያልመጣ ሰው የለም፣ የራቀ ነው ያለ ይሉ ነበር። አሁንም ከታች የቁስቋምን ዳገት ገና የሚወጡ ለቀስተኞች አሉ። አያ ደመቀም ከነሱ ጋር ናቸው። ሳጥኑ ከመነሣቱ በፊት ጥቂት እንድትጠብቁልን ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።